ወደ ኤላት በየት በኩል ልውረድ? ኔጌብን በአውቶብስ ለሚያቋርጥና በረሃ ላይ ለሚያድር

"መኪና የለኝም። በአውቶብስ ኔጌብን አቋርጬ፣ ታሪካዊ ቦታዎቹን አይቼ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሬ ኤላት መግባት እፈልጋለሁ። በየት በኩል ልውረድ?" ብርዱ ሊገባ ሲል ይሄ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከአሽዶድም፣ ከቂርያት ጋትም፣ ዘመድ ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ ከመጣውም።

በደቡብ እስራኤል ያለውን የኔጌብ በረሃ አቋርጠው ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኤላት ከተማ የሚያወርዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከኢየሩሳሌም ወርዶ ሙት ባሕርን ዳር ዳሩን ይዞ የሚሄደው 90 ቁጥር ነው። ሁለተኛው ከቤርሳቤህ ተነስቶ በሚጽፔ ራሞን በኩል ከፍታውን የሚያቋርጠው 40 ቁጥር ነው። ሦስተኛው ከቤርሳቤህ በዲሞና አድርጎ ወደ ዓረባ ሸለቆ ይወርድና እዚያ ከ90 ጋር ይገጥማል።

የኔን ሃሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ የምትሄዱ፣ እግራችሁ ደህና የሆነ፣ 40ን ያዙ። ትልልቅ ሰዎች ወይም ትንንሽ ልጆች ያላችሁ በሙት ባሕር በኩል ሂዱ። ሦስተኛውን መንገድ አውቶብስ ተከራይቶ ለሚሄድ ማኅበር እንጂ በሕዝብ አውቶብስ ለሚሄድ አልመክረውም።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በዝና ነው። የተራራ ላይ ምሽጉ ማሳዳ ታዋቂ ነው፣ እንሂድ ይላል። በረሃ ላይ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። አውቶብሱ የሚያወርደኝ ፌርማታ ከማየው ቦታ በእግር ምን ያህል ይርቃል? ከማድርበት ቦታስ? አምስት ኪሎ ሜትር ካርታ ላይ ምንም አይመስልም። ጥላ በሌለበት፣ ድንኳንና ስድስት ሊትር ውሃ በጀርባ ተሸክሞ ሲሄዱት ግን ቀኑን ይበላዋል። እኔ ሦስቱን መንገዶች የማወዳድረው በዋናነት በዚህ ነው።

ሌላም ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አርብ ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ይቆማል፣ ቅዳሜ ማታ እስኪመሽ አይንቀሳቀስም። እናንተ ሰንበት ባትጠብቁም አውቶብሱ ይጠብቃል። ስለዚህ አርብን የመጓጓዣ ቀን አታድርጉት። ወይ ሐሙስ ድረሱና ሰንበትን ውሃና ጥላ ያለበት ካምፕ ላይ ዋሉ፣ ወይ ጉዞውን ከእሑድ እስከ ሐሙስ ጨርሱት። ወራቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት በተለይ ደስ ይላሉ፣ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ብርዱም ገና አልጠነከረም። በሐምሌና በነሐሴ ዓረባና ሙት ባሕር ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆኑበት ቀን ብዙ ስለሆነ ድንኳኑን እርሱት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሙት ባሕር በኩል

በታሪክ ብዛት ይሄን መንገድ የሚወዳደረው የለም። ከኢየሩሳሌም ታሃና መርከዚት (ዋናው የአውቶብስ መናኸሪያ) ተነስቶ ኤላት ድረስ የሚሄደው 444 ቁጥር አውቶብስ በሙት ባሕር ዳር ያልፋል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል። የሐይቁ ዳርቻ አሁን ከባሕር ወለል ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ በየዓመቱም ውሃው አንድ ሜትር ያህል እየወረደ ነው። በምድር ላይ ከዚህ ዝቅ ያለ ደረቅ መሬት የለም።

የመጀመሪያው መውረጃ ቁምራን ነው። ቦታው ዌስት ባንክ ውስጥ ነው፣ የሚያስተዳድረው ግን የእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ነው። ከፌርማታው እስከ በሩ ያለው አቀበት አጭር ነው። ብዙ አስጎብኚ ሰዎችን በግማሽ ሰዓት አስወጥቶ ይሄዳል። እባካችሁ እናንተ እንደዚያ አታድርጉ። በ1947 የበደዊን እረኞች እዚህ ገደል ውስጥ በማሰሮ የተቀመጡ ጥቅልሎች አገኙ፣ ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍለጋ ጽሑፍ የተገኘባቸው ዋሻዎች 11 ደረሱ። ከተገኙት ውስጥ በአረማይክ የተጻፉ የመጽሐፈ ሄኖክ ቁርጥራጮች አሉ። በዕብራይስጥ የተጻፉ የመጽሐፈ ኩፋሌ ቁርጥራጮችም አሉ። ቁርጥራጭ ናቸው። ሁለቱም መጻሕፍት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሟልተው ለዓለም የቆዩት በግዕዝ ነው። ኩፋሌ ደግሞ በቤተ እስራኤል ቄሶች ዘንድ ምን ያህል የተከበረ እንደሆነ ከአባቶቻችን አፍ የሰማን እናውቃለን። እኛ በብራና ላይ ስንገለብጠው የኖርነው መጽሐፍ እዚህ ዋሻ ውስጥ ሁለት ሺህ ዓመት ተሸሽጎ ነበር ማለት ነው። ከፍርስራሹ ጫፍ ቆማችሁ ሸለቆውን ማዶ ተመልከቱ። ፈዛዛ ቢጫ አፈር ያለው ገደል ላይ ጥቁር አፍ የመሰለ ቀዳዳ ይታያል። አራተኛው ዋሻ ነው። የሄኖክ የአረማይክ ቁርጥራጮች የወጡት ከዚያ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይሄን ንገሯቸው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚነግራቸው ላይኖር ይችላል።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ደረጃው ለሁለት የተሰነጠቀውን ገንዳ እዩ። ብዙዎች ስንጥቁን በ31 ቅ.ል.ክ. ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ያያይዙታል።

ቀጣዩ ዓይንጋዲ ነው። ዳዊት ከሳኦል የተሸሸገበት። እዚህ ፌርማታው ከአንድ በላይ ነው፣ አንዱ ለኪቡትሱ (ለኅብረት መንደሩ)፣ አንዱ ለተፈጥሮ ጥበቃው። ሾፌሩን "ናሃል ዳዊድ" በሉት፣ ያለበለዚያ በፀሐይ ብዙ ትሄዳላችሁ። ምንጩና ፏፏቴው ልብ ያርሳሉ፣ ለልጆችም አይከብድም። የጥንቱ ምኩራብ ወለል ላይ ያለው ሞዛይክ ደግሞ የከተማውን ምስጢር የሚያወጣውን ሰው የሚረግም ጽሑፍ አለበት። በገደሉ ላይ የሚዘሉት ባለ ረጅም ቀንድ እንስሳት የኑብያ አይቤክስ ይባላሉ፣ የሰሜን ተራራችን ዋልያ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ተጠግታችሁ ምግብ አትስጧቸው።

ዓይንጋዲ ላይ አንድ የማያሻማ ነገር ልበል፤ ሐይቁ ዳር ድንኳን እንዳትተክሉ። የሐይቁ ውሃ በሸሸ ቁጥር ከሥር ያለው የጨው ንጣፍ እየሟሟ መሬቱ ድንገት ይሰምጣል። የዓይንጋዲ የሕዝብ መዋኛ የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። መንሳፈፍ የፈለገ ወደ ደቡብ ወርዶ ዓይን ቦኬክ ይግባ፣ ነፃ የሕዝብ ዳርቻ አለ፣ ሻወርም አለ።

ከዚያ ማሳዳ። በሄሮድስ የተሠራ የተራራ ላይ ምሽግ ነው። በ73 ወይም በ74 ዓ.ም. ሮማውያን ከበው ያዙት፣ ጸሐፊው ዮሴፉስ እንደሚለው ውስጥ ከነበሩት 960 ሰዎች ራሳቸውን ለሞት ሲሰጡ የተረፉት ሁለት ሴቶችና አምስት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ስለ ታሪኩ እውነትነት አርኪዮሎጂስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። እኔን ከታሪኩ ይልቅ የሚገርመኝ ውሃው ነው። ሄሮድስ ጎርፉን ከሸለቆ አቅጣጫ አስቀይሮ በተራራው ወገብ ላይ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ያጠራቅመው ነበር፣ ወደ 40 ሺህ ሜትር ኩብ ይይዙ ነበር። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ደግሞ የሮማውያን ሰፈሮች አራት ማዕዘን የድንጋይ አጥር እስካሁን በግልጽ ይታያል።

አሁን ለካምፕ የሚሄድ ሰው ልብ ይበል። ማሳዳ ሁለት በር አለው። አውቶብሱ የሚያቆመው በምሥራቅ ነው፤ ኬብል ካሩ፣ የእባብ መንገድ የሚባለው ጠመዝማዛ የእግር መንገድና የወጣቶች ሆስቴሉ እዚያ ናቸው። ጥሩው የድንኳን ሰፈር ግን ያለው በምዕራብ ነው፣ ሮማውያን በሠሩት የአፈር መወጣጫ በኩል። ሁለቱን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ወደ ምዕራቡ የሚኬደው ከዓራድ ከተማ ነው፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሕዝብ አውቶብስም አይገባም። "ማሳዳ ካምፕ ይዣለሁ" ብሎ በምሥራቅ በር ወርዶ ተራራውን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። በምሥራቅ ከሆናችሁ ሆስቴሉ ውስጥ እደሩ። ምዕራቡን የግድ ከፈለጋችሁ ከዓራድ ታክሲ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የፀሐይ መውጫውን ከላይ ማየትም የሚችለው እዚያው ያደረ ብቻ ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶብስ ሲደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች። በእባብ መንገድ መውጣት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ሙቀት በበዛበት ቀን ይዘጋል። ጉልበት ለሚያማቸው ኬብል ካሩ አለ። ይሄን መንገድ ለትልልቅ ሰዎች የመረጥኩበት ዋናው ምክንያትም ይሄው ነው፤ ቁምራን፣ ዓይንጋዲና ማሳዳ ሦስቱም ከፌርማታው ቅርብ ናቸው። ጉድለቱ ማደሪያው ነው። እውነተኛ የበረሃ ሌሊት፣ ጸጥታና ኮከብ ፈልጎ ለመጣ ይሄ መንገድ አያጠግብም።

በ40 ቁጥር መንገድ

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ከቤርሳቤህ እስከ ሚጽፔ ራሞን አውቶብስ በየጊዜው ስላለ አንዱ ቦታ ወርዶ፣ አይቶ፣ ቀጣዩን መያዝ ይቻላል። በሌሎቹ መንገዶች ላይ እንዲህ ያለ ነፃነት የለም። ከሚጽፔ ወደ ኤላት ግን በቀን ያሉት ጥቂት ናቸው፣ የዚያን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት እወቁት።

ጠዋት ቤርሳቤህ ከገባችሁ ተል ቤርሳቤህን ማየት ይቻላል። በ2005 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ከመሬት በታች ያለው የውሃ ማጠራቀሚያው ያስደንቃል። ጊዜ ካነሳችሁ ግን ይቅር። ቀኑን ለጥንቱ ከተማ ለአቭዳት አስቀምጡት።

መንገድ ላይ ስዴ ቦከር አለ። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን የኖረበት ትንሽ ቤት እንዳለ ተቀምጧል፣ መቃብሩ ከባለቤቱ ከፖላ ጋር የጺንን ምድረ በዳ ቁልቁል በሚያይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ሥር የዓይን አቭዳት ሸለቆ ይጀምራል፤ ነጭ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ውሃ። እዚህ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ሙሉው መንገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚኬደው፣ ከታችኛው በር ወደ ላይኛው፤ ምክንያቱም ገደሉ ላይ ያሉት መሰላሎች ለመውጣት ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማችሁ እነዚያን መሰላሎች መውጣት አደገኛ ነው። ዕቃ የሚያስቀምጥላችሁ ከሌለ ታችኛውን ክፍል ብቻ አይታችሁ ተመለሱ። መዋኘት ክልክል ነው።

አቭዳት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አውቶብሱ ኮረብታው ሥር ያወርዳችኋል፣ ከተማው ከበላያችሁ ነው። ናባታውያን የሚባሉ የጥንት ነጋዴዎች በዛሬዋ ዮርዳኖስ ካለችው ከፔትራ ተነስተው ዕጣንና ቅመም በግመል ጭነው ወደ ጋዛ ወደብ ሲያሻግሩ የሚያርፉበት ቦታ ነበር። ዕጣኑ ከደቡብ ዓረቢያ የሚመጣ ነበር፤ እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ የሚያጨሱት ዛፍ ዘመድ ነው። በ106 ዓ.ም. ሮም መንግሥታቸውን ወሰደች፣ የዕጣን ንግዱም ቀዘቀዘ። ከተማው ግን አልሞተም። ሰዎቹ ወደ እርሻ ዞሩ። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ በማይሞላበት ቦታ ወይን አለሙ!

እንዴት? መልሱን ቦታው ላይ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከኮረብታው ጫፍ ቁልቁል ስታዩ በሸለቆው ውስጥ የድንጋይ እርከኖች ተደርድረዋል። ጠንካራው መሬት ዝናብ አይመጥም፣ ውሃው ይንሸራተታል። እነሱ ያንን ውሃ ከሰፊ ኮረብታ ሰብስበው ወደ ትንሽ ማሳ በቦይ ያወርዱት ነበር። በ1959 ፕሮፌሰር ሚካኤል ኤቨናሪ ከኮረብታው ሥር የጥንቱን እርሻ መልሶ አቋቁሞ ዘዴው ዛሬም እንደሚሠራ አሳይቷል። እርከን ሲሠራ ያደገ የጎንደር ወይም የትግራይ ሽማግሌ ይዛችሁ ብትሄዱ ከአስጎብኚው በላይ ያስረዳችኋል።

ላይ ስትወጡ የወይን መጭመቂያውን አትለፉት። በእግር የሚረገጥበት ሰፊ ወለል አለ፣ ጭማቂው የሚወርድባት ቀዳዳ አለች፣ ከሥሯ ክብ ጉድጓድ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ የጥምቀት ገንዳ አለ። ከተማው የጠፋው በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ይባላል። አቭዳት ከማምሺት፣ ከሺቭታና ከሃሉጻ ጋር ሆኖ በ2005 የዓለም ቅርስ ተብሏል። ሺቭታና ሃሉጻን በሕዝብ አውቶብስ አታስቡት፣ ከዋናው መንገድ ርቀው የገቡ ናቸው። አቭዳት ግን መንገድ ዳር ነው፤ ከአራቱ ለባለ አውቶብስ የተመቸው እሱ ነው።

ማታ ሚጽፔ ራሞን ትገባላችሁ። ከተማው ማክቴሽ ራሞን በሚባለው ግዙፍ ጎድጓዳ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ማክቴሹ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ ጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር ይደርሳል። ብዙ ሰው የወደቀ ኮከብ የቆፈረው ይመስለዋል፣ ግን ውሃ በሚሊዮን ዓመታት ሸርሽሮ የሠራው ነው። በ2017 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መርጣችሁ ሂዱ። በቴል አቪቭ መብራት ያደገ ልጅ ፍኖተ ሐሊብን መጀመሪያ የሚያየው እዚህ ሊሆን ይችላል።

ማደሪያውስ? ማክቴሹ ውስጥ ድንኳን የሚፈቀደው ቤኤሮት በሚባለው ካምፕ ነው። ውሃና መጸዳጃ አለው፣ ድንኳን ለሌለውም ትልልቅ የበደዊን ድንኳኖች አሉ። ግን ከ40 ቁጥር ተገንጥሎ በጠጠር መንገድ ኪሎ ሜትሮች ይገባል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ቀን፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ቀለል ያለ ዕቃ ይዛችሁ በእግር መግባት። ወይ ከከተማው በእግር በሚደረስባቸው፣ ድንኳን በሚያከራዩ የበረሃ ማረፊያዎች ማደር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሁለተኛው ይሻላል፤ ውሃውም ሱቁም ቅርብ ነው፣ አይቤክሶቹም በከተማው መንገድ ላይ ሲመላለሱ ታዩአቸዋላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በጥርና በየካቲት ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። "በረሃ ነው፣ ይሞቃል" ብላችሁ በአንድ ጃኬት እንዳትሄዱ። ጋቢ ያዙ። ቀልዴን አይደለም፣ ከቀጭን የመኝታ ከረጢት በላይ የተደረበ ጋቢ የሚሰጠውን ሙቀት ብዙ ውድ ዕቃ አይሰጥም።

በዲሞናና በዓረባ በኩል

በሕዝብ አውቶብስ ከሆነ ይሄ መንገድ ለመድረስ እንጂ ለማየት አይሆንም። አውቶብሱ ፈጥኖ ይሄዳል፣ የምታዩት አብዛኛው ነገር ከመስኮት ነው። ማምሺት ዲሞና አጠገብ ነው፤ ከናባታውያኑ ከተሞች ቤቶቹ በደንብ የቆሙት እዚያ ነው፣ 10,500 የብር ሳንቲም ያለበት ድልብም ተገኝቶበታል። ከመንገዱ ብዙ አይርቅም፣ ዲሞና ዘመድ ያለው ሰው ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይችላል።

ትልቁ ነገር ቲምና ነው፣ ከኤላት በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግብፃውያን መዳብ ሲያወጡ ሃቶር ለምትባል አምላካቸው የሠሩት ቤተ መቅደስ አለ፣ የሰሎሞን ዓምዶች የሚባሉት ግዙፍ ቀይ የድንጋይ ግድግዳዎች አሉ። ስሙ ከሰሎሞን ጋር ቢያያዝም ዓምዶቹን የሠራው ዝናብና ነፋስ ነው። ይሁንና በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ቁፋሮዎች የማዕድኑ ሥራ የደራው በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አካባቢ፣ ማለትም ዳዊትና ሰሎሞን ነበሩ በሚባልበት ዘመን መሆኑን አሳይተዋል። በ2021 ከዚያው ዘመን የሆነ በሐምራዊ ቀለም የተነከረ የጨርቅ ቁራጭ መገኘቱ ይፋ ተደርጓል። በፓርኩ ውስጥ የኦሪት የመገናኛው ድንኳን በሙሉ መጠኑ ተሠርቶ ቆሟል፣ ቄሶች ይዞ ለሚሄድ ማኅበር ይሄ ብቻውን ጉዞውን ያወጣል። ሐይቅ ዳር ካምፕም አለው። ችግሩ ፓርኩ ሰፊ ነው። አውቶብሱ ዋናው መንገድ ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፣ ከበሩ ደግሞ አንዱ ቦታ ከሌላው ይራራቃል። ጎማ ከሌላችሁ አይሆንም።

የሕዝብ አውቶብስ ወይስ ኪራይ?

ለስግድ ኢየሩሳሌም ለመሄድ አውቶብስ ያስተባበረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰው ከሞላ ለነፍስ ወከፍ ርካሽ ነው፣ ካልሞላ ዕዳው አስተባባሪው ላይ ይወድቃል። እስከ አሥር ሰው ድረስ በሕዝብ አውቶብስና በራቭ ካቭ (በመጓጓዣ መክፈያ ካርዱ) ሂዱ። ሠላሳ ካለፋችሁ ተከራዩ። በመካከል ያላችሁ ሚኒባስ ጠይቁ።

ስትከራዩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። የሾፌሩ የሥራ ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው፣ ስለዚህ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሄድ ፕሮግራም አውጥታችሁ አታስቸግሩት። የት ያድራል? ማደሪያውንና ምግቡን የሚችለው ማነው? አውቶብሱ በጠጠር መንገድ ለመግባት ፈቃደኛ ነው? ካምፕ ላይ ካደረሳችሁ በኋላ አብሯችሁ ይቆያል ወይስ ተመልሶ ይሄዳል? እነዚህን በጽሑፍ ያዙ። እኔ የማውቀው አንድ ጉዞ ላይ የኪራይ ድርጅቱ ሾፌር የጠጠሩ መንገድ መጀመሪያ ላይ "ከዚህ አላልፍም" ብሎ ሰዉ ዕቃውን ተሸክሞ ጨለማ ውስጥ ገብቷል።

በኪራይ ከሆነ ደግሞ የመንገዱ ምርጫ ይገለበጣል። የማሳዳ ምዕራብ ካምፕ ይከፈትላችኋል። ማምሺትና ቲምና ይመቻሉ። ለአንድ ማኅበር የምመክረው ቤርሳቤህ፣ ማምሺት፣ ከዚያ በዓረባ ወርዶ ቲምና ማደር ነው፤ ሲመለሱ በ40 ቁጥር ወጥቶ አቭዳትን ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለው ነገር አለ። ትልልቆቻችንን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቋቸው። ብዙዎቹ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ በእግራቸው በሱዳን በረሃ ያለፉ፣ በየካምፑ ልጅና ወላጅ የቀበሩ ናቸው። ለእነሱ ድንኳንና በረሃ መዝናኛ ላይሆን ይችላል። አንዳንዶቹ በደስታ ይመጣሉ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ልጆች ሰምተው የማያውቁትን ይናገራሉ። አንዳንዶቹ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ በረሃ ይበቃኛል" ይላሉ። የሚሉትን አክብሩ። ለሚመጡት ደግሞ አልጋ ያለው ክፍል ያዙላቸው፤ ማሳዳ ሆስቴል ወይም ሚጽፔ ውስጥ ይገኛል። ወጣቱ ድንኳን ውስጥ ይደር።

ማደሩ

በኔጌብ እንደፈለጉ ድንኳን መትከል አይቻልም። ሰፊው ክፍል ወይ የተፈጥሮ ጥበቃ ነው፣ ወይ የጦር ሠራዊት የተኩስ ልምምድ ቦታ ነው። የሚታደረው ለሌሊት ማደሪያ ተብለው በካርታ ላይ በተመለከቱ ቦታዎች ብቻ ነው። ነፃዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሜዳ ናቸው፣ ውሃ የለም፣ መጸዳጃ የለም። የሚከፈልባቸውን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፣ በዳስ በዓል በሱኮትና በፋሲካ ሰሞን ቶሎ ይሞላሉ።

ውሃ በሞቃት ቀን ለአንድ ሰው ከአራት እስከ አምስት ሊትር አስቡ። ለማብሰያው ሌላ። ጀበና ይዛችሁ ከሆነ የጋዝ ምድጃዋን በድንጋይ ከልሏት፣ የበረሃ ነፋስ ነበልባሉን ስለሚወስደው ቡናው ሳይፈላ ጋዙ ያልቃል። እሳት በተፈቀደበት ቦታ ብቻ። የደረቀ የግራር እንጨት ከመሬት አትልቀሙ፣ በጥበቃ ቦታ ክልክል ነው፣ ከሰል ከቤት ያዙ።

ከሁሉ በላይ ደራሽ ጎርፍ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ፣ አሸዋው ምንም ያህል ለመኝታ ቢመች። ዝናቡ እናንተ ጋ ላይጥል ይችላል፤ ተራራው ላይ ይጥልና ጎርፉ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ይደርሳል። በሚያዝያ 2018 ናሃል ጻፊት በሚባል ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሥር ወጣቶች እንዲህ አልቀዋል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ሸለቆ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰርዙ፣ ዓይን አቭዳትንም፣ ናሃል ዳዊድንም። አቭዳትና ማሳዳ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የዚያን ቀን ፕሮግራም ወደ እነሱ ማዞር ይቻላል፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። አደጋ ከደረሰ ፖሊስ 100 ነው፣ አምቡላንስ 101።

የኤላትን መመለሻ ትኬት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። ሰንበት እንደወጣ ከኤላት ወደ ሰሜን የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፣ ቦታ ቀድሞ የሚያዝበት መስመር ስለሆነም ቅዳሜ ማታ ታሃና መርከዚት ሄዶ "አንድ ወንበር አይጠፋም" ማለት አያዋጣም። መቀመጫ ካጣችሁ እሑድ ጠዋት ተመለሱ፤ በ40 ቁጥር የሚያልፈውን ከያዛችሁ ማክቴሹን በቀን ብርሃን ከሥር ወደ ላይ ስትወጡ ታዩታላችሁ።